በሕይወት የሚያዝ የባሕር ዓሣ

እኛ ዓሣን የምናውቀው በወጥ ወይም በጥብስ ነው። በሌሎች አገሮች ግን ዓሣን በመስተዋት ገንዳ ውስጥ፣ በቤታቸው የሚያኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ገንዳው አኳሪየም ይባላል። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ የባሕሩን ዓሣ ከሱቅ አይገዙም፤ ራሳቸው ባሕር ገብተው ይይዙታል። ታዲያ ይህ ይፈቀዳል ወይ? በአንዳንድ ቦታ ይፈቀዳል፤ ግን ሕግ አለው። በዚህ ትምህርት የአሜሪካዋን የፍሎሪዳን ግዛት ሕግ እንመለከታለን።

ፍሎሪዳን በሦስት ወገን ባሕር ይከባታል። በደቡብ ጫፍዋ ኮራል አለ። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ጥቃቅን እንስሳት የሚሠሩት ነው። መልካቸው የሚያምር ትናንሽ ዓሦች የሚኖሩት በዚህ በኮራሉ ጉያ ነው። ማንም እየመጣ እንዳሻው ቢያፍስ ኖሮ ዛሬ ባልተረፉም ነበር።

ዓሣውን ለቤቱ የሚይዝ ሰው አስቀድሞ የባሕር ዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ያወጣል። ዕድሜው 16 ዓመት ያልሞላው ልጅ ፈቃድ አይጠየቅም። አንድ ሰው በቀን መያዝ የሚችለው 20 ነፍስ ነው፤ ከአንድ ዓይነት ደግሞ ከ5 አይበልጥም። ሸርጣኑም ቀንድ አውጣውም አብሮ ይቆጠራል። ድንጋይ መሳዩን ኮራል መንቀል ፈጽሞ ክልክል ነው። በቢጫ ተንሳፋፊ ምልክት የተከለሉ ቦታዎችም አሉ፤ እዚያ ገብቶ ማጥመድ አይቻልም። ለቤት የተያዘ ዓሣ አይሸጥም፤ ነጋዴ የራሱ ሌላ ፈቃድ አለው።

ይህ ሁሉ ቀላል ነው። ከባዱ የሚመጣው አሁን ነው። ሕጉ ዓሣው የብስ ሲደርስ በሕይወት መኖር አለበት ይላል። ጀልባው ላይ ውሃው ያለማቋረጥ የሚዘዋወርበት ወይም አየር የሚነፋበት በቂ ማጠራቀሚያ መኖር አለበት። እኛ እንደሚመስለን የሕጉ ብልህነት እዚህ ላይ ነው። ለምግብ የሚያጠምድ ሰው ዓሣው ሞቶ ቢወጣ ምንም አይጎድልበትም። ይኸኛው ግን ዓሣው በመንገድ ከሞተበት ከሕግ ወጣ ማለት ነው።

በሕይወት ማውጣት ለምን ይከብዳል? ብዙ ዓሦች በሆዳቸው ውስጥ የአየር ከረጢት አላቸው፤ በውሃ ውስጥ ሳይሰምጡ የሚንሳፈፉት በእሱ ነው። በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ግፊት ከውሃው በላይ ካለው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ዓሣውን ከዚያ ጥልቀት በአንድ ጊዜ ጎትተን ብናወጣው በከረጢቱ ያለው አየር ወደ ሁለት እጥፍ ያብጣል። የውስጥ አካሉ ይጨፈለቃል፤ ላይ ሲደርስ ይገለበጣል። ስለዚህ አዋቂ አጥማጅ እያረፈ፣ ቀስ በቀስ ነው የሚያወጣው። ይኸው ግፊት ጠላቂውን ሰው ራሱን ይጎዳልና መቸኮል ለሁለቱም አይበጅም።

የሚያዝበትም መሣሪያ ወሳኝ ነው። ትንሽ መረብ እንደ አጥር ይዘረጋና ዓሣው ቀስ ተብሎ ወደ እሱ ይነዳል፤ ከዚያ በእጅ መረብ ይጨለፋል። መረቡ የዓሣውን ቅርፊት እንዳይልጠው ለስላሳ ቢሆን ይመረጣል። ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ጀምሮ በፊሊፒንስ አንዳንድ አጥማጆች ሳያናይድ የተባለውን መርዝ በኮራሉ ስንጥቅ ውስጥ ይረጩ ነበር። ዓሣው ይደነዝዛል፣ በቀላሉም ይያዛል። ግን ኮራሉ ይሞታል። ገዢው ቤት ሲደርስ ደህና የሚመስለው ዓሣም ከቀናት በኋላ ሊሞት ይችላል። የፊሊፒንስ ሕግ ይህን ይከለክላል።

ቤት ሲደርስስ? የባሕር ውሃ በ1 ሊትር ውስጥ ወደ 35 ግራም ጨው አለው። የገንዳው ጨውና ሙቀት ዓሣው ከመጣበት ውሃ ጋር መቀራረብ አለበት። እንዲለምደው የገንዳው ውሃ ወደ መያዣው በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርለታል እንጂ ዓሣው ዘፍ ተደርጎ አይከተትም። ገንዳው ሳይዘጋጅ ወደ ባሕር የሚሮጥ ሰው መጨረሻው ዓሣ መጣል ነው።

ዓሣው ቢሰለቸንስ፣ ወደ ባሕር እንመልሰው? ከሌላ ባሕር የመጣ ከሆነ ክልክል ነው። ላየንፊሽ የሚባል ባለ መስመር፣ እሾሁ መርዛም የሆነ ዓሣ አለ። አገሩ የሕንድና የሰላማዊ ውቅያኖስ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1985 በፍሎሪዳ ባሕር ታየ። ከሰው ገንዳ የተለቀቀ ነው ተብሎ ይታመናል። እዚያ የሚበላው ጠላት እምብዛም ስለሌለው ተባዝቶ የአገሩን ትናንሽ ዓሦች ይውጣል። በዚያ ግዛት ሌሎች ብዙ ዓሦች ተቆጥረው ሲያዙ፣ ይህን ግን አንድ ሰው የቻለውን ያህል ቢያወጣ የሚከለክለው የለም።