የለኩትን መናገር፣ የተናገሩትን መለካት
ደርስ፦ በዲፓርትመንት ሳይታጠሩ አብሮ ስለመሥራት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

ሶላት ላይ የሲቪል ምህንድስናው፣ የታሪኩ፣ የሕጉና የቋንቋው ተማሪ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን በአንድ ሶፍ እንቆማለን። ፕሮጀክት ሲመጣ ግን ሁላችንም ወደየዲፓርትመንታችን እንበተናለን። የኢንጂነሪንጉ ተማሪ የመመረቂያ ሥራውን የአገሩ ሰው በማያነበው እንግሊዝኛ ጽፎ ያስረክባል። የሥነ ጽሑፉ ተማሪ ደግሞ ድራማውን አንድም ቁጥር ሳያጣራ መድረክ ላይ ያወጣል። ሁለቱም ውጤታቸውን ይዘው ይመረቃሉ፤ ሥራው የሚመለከተው የከሚሴ፣ የባቲ ወይም የሰንበቴ ሰው ግን ከሁለቱም አይጠቀምም።

በዚህ ደርስ አንድ ነገር ማስረዳት እንፈልጋለን። ለክቶ ያላሳወቀ ሰው ዒልሙን ደብቋል፤ ሳይለካ ያሳወቀ ደግሞ ያለ ማስረጃ ተናግሯል። በዲናችን ሁለቱም ያስጠይቃሉ። ስለዚህ ሳይንሱና አርቱ አብረው እንዲሠሩ መጣር የአማና ጉዳይ ነው።

1. መለያየቱ ከየት መጣ?

አብዛኞቻችን ገና 11ኛ ክፍል ስንገባ "ናቹራል" እና "ሶሻል" ተብለን ተለያይተናል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ የሚል አሠራር መጣ። ዓላማው ለአገር ባለሙያ ማፍራት ነበር። በእኛ በተማሪዎች ዘንድ ግን "ጎበዝ ናቹራል ይገባል፤ ሶሻል ሽምደዳ ነው" የሚል ወሬ ትቶልን አለፈ። ሌላው ወገንም "ኢንጂነር ማመልከቻ እንኳን መጻፍ አይችልም" እያለ ይመልሳል። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የቦታው ርቀትም ይጨመርበታል፤ ምህንድስናው ኮምቦልቻ፣ ማኅበራዊ ሳይንሱ ደሴ፣ በመካከላቸው የሐረጎ ዳገት አለ።

መድረሳ ለቀራን ሰዎች ግን ይህ አጥር እንግዳ ነው። እኛ በአንድ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለን ነሕውም ፊቅህም ቀርተናል፤ የውርስ ድርሻ ስናካፍልም ሒሳብ ሠርተናል። በወሎ የደረሳ ሥርዓት አንድ ደረሳ ለፊቅህ ከአንዱ ሸኽ ዘንድ፣ ለነሕው ከሌላው፣ ለተፍሲር ደግሞ ከሦስተኛው ዘንድ እየተጓዘ ይቀራ ነበር። ጀማ ንጉሥ፣ ጌታ፣ ዳናና በዞናችን ያለችው ሾንኬ በዚህ የታወቁ የዒልም ቦታዎች ናቸው። የወሎ መንዙማም ቢሆን ዐቂዳን፣ ታሪክን፣ ግጥምንና ዜማን በአንድ ላይ ያስተማረ ነው። መሻይኾቻችን በዐረብኛ ፊደል በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጭምር ጽፈውታል፤ ኪታብ ማንበብ ለማይችለው ሰውም በጆሮው ደርሶታል።

ኢማም አል-ገዛሊ በ"ኢሕያእ ዑሉሚዲን" ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርድ ኪፋያ ቆጥረዋቸዋል። ፈርድ ኪፋያ የተወሰኑ ሰዎች ከተወጡት ከሌላው ላይ ይነሳል፤ ማንም ካልሠራው ግን ሁሉም ይጠየቅበታል። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። አንድ ሰው ብቻውን ሁሉንም ዒልም እንዲይዝ አልተጠየቀም። ጀማዓው ግን በመካከሉ ሁሉንም እንዲይዝ ተጠይቋል። ጀማዓው የያዘው ዒልም ሥራ ላይ የሚውለው ደግሞ ባለቤቶቹ ሲገናኙ ነው።

2. ከቀደሙት ሦስት ምሳሌዎች

ሀ) የሙስሐፉ ቡድን። ዑስማን (ረ.ዐ) ሙስሐፉ በብዛት እንዲገለበጥ ሲያዙ ሥራውን ለአንድ ሰው አልሰጡም። ከመዲና አንሷር የወሕይ ጸሐፊ የነበሩትን ዘይድ ኢብን ሣቢትን፣ ከቁረይሽ ደግሞ ዐብዱላህ ኢብን ዙበይርን፣ ሰዒድ ኢብን አል-ዓስንና ዐብዱረሕማን ኢብን አል-ሓሪሥን (ረ.ዐ) አንድ ላይ መደቡ። መነሻቸውም በሐፍሷ (ረ.ዐ) እጅ የነበረው ጽሑፍ ነበር። ሥራው ሳይጀመር በአጻጻፍ ቢለያዩ በቁረይሽ አነጋገር እንዲጽፉ መመሪያ ተሰጣቸው። አለመግባባት እንደሚኖር አስቀድሞ ታስቧል፤ የሚፈታበትም መንገድ አስቀድሞ ተወስኗል።

ለ) አል-ኸዋሪዝሚ። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን በባግዳድ የሠሩት አል-ኸዋሪዝሚ "አል-ጀብር" የሚለውን ቃል በመጽሐፋቸው ርዕስ አኖሩት። ዛሬ "አልጄብራ" የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ብዙዎቻችን የማናውቀው የመጽሐፉ ሰፊ ክፍል ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ክፍፍል መሆኑን ነው። ጥያቄው ከፊቅህ መጣ፤ መልሱ በሒሳብ ተሠራ። ፊቅሁ ባይጠይቅ ሒሳቡ ሥራ ባላገኘ ነበር፤ ሒሳቡ ባይኖር ደግሞ የወራሹ ሐቅ በግምት ይከፈል ነበር።

ሐ) የፊደል ኮድ። ሦስተኛው ምሳሌ ከአገራችንና ከዘመናችን ነው። በስልካችን አማርኛ የምንጽፍበት የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያገለግሉ 28 ተጨማሪ ፊደላት ተመዘገቡ። የኮምፒውተር ባለሙያው ኮድ መስጠት ያውቃል፤ የትኛው ድምፅ ፊደል እንደጎደለው ግን የሚነግረው የቋንቋው ሰው ነው። የቋንቋው ሰውም ፊደሉን በወረቀት ላይ ቢስለው ኮድ እስካላገኘ ድረስ ስልክ ላይ አይደርስም። አንዱ ሌላውን መጠበቅ ነበረበት።

3. የቦርከና ውሃ፦ በአገራችን የሚጠብቀን ሥራ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርዳል፤ በመጨረሻም ከአዋሽ ተፋሰስ ይቀላቀላል። በበጋ ሣር ሲጠፋ የኦሮሞ፣ የአርጎባና የአፋር ከብት አርቢዎች በጨፋ ረግረግ ላይ ይሰበሰባሉ። ወንዙ ለመስኖም ያገለግላል። ከላይ ኮምቦልቻ ላይ ግን ለዮሌና ወርቃ የተባሉ ጅረቶች የፋብሪካ ፍሳሽ ተቀብለው ወደ ቦርከና ይገባሉ። በእነዚህ ጅረቶችና ፍሳሾች ላይ የታተሙ ጥናቶች ክሮምየምና ዚንክን የመሳሰሉ ብረቶችን መዝግበዋል።

የምህንድስናና የኬሚስትሪ ተማሪ እዚህ ምን ይሠራል? ከፋብሪካዎቹ በላይ፣ ከእነሱ በታች እና ጨፋ ላይ ናሙና ይወስዳል። በክረምት ጎርፉ ስለሚያቀጥነው በበጋም ይደግመዋል። በውሃው ውስጥ ያለው ብስባሽ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚፈጅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ5 ቀን አቆይቶ ይለካል። ክሮምየሙን የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ካስቀመጠው በሊትር 0.05 ሚሊግራም ጋር ያወዳድራል። በመጨረሻ አንድ ሠንጠረዥ ይወጣል። ጨፋ ላይ ያሉ አባት ግን የሚጠይቁት "ልጄ፣ ላሜ ትጠጣ ወይስ አትጠጣ?" ብለው ነው። ሠንጠረዡ ብቻውን ይህን አይመልስም፤ የሰው መጠጥ ልክና የከብት መጠጥ ልክም የተለያየ ነው።

የታሪክ፣ የቋንቋና የጂኦግራፊ ተማሪዎች ሥራ እዚህ ጋር ይገባል። ወንዙ ከ30 ዓመት በፊት ምን ይመስል እንደነበር፣ ቀለሙ ወይም ሽታው የሚቀየረው በየትኛው ወርና ሰዓት እንደሆነ፣ ከብት መጠጣት የተወበት ቦታ የት እንደሆነ ሽማግሌዎችን ይጠይቃሉ። ጥያቄው በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛ፣ በአርጎብኛና በአፋርኛ መቅረብ አለበት። ውሃ የሚቀዱት በአብዛኛው ሴቶች ስለሆኑ የእህቶቻችን ድርሻ እዚህ ትልቅ ነው፤ አንዲት እናት ለእህት የምትነግራትን ለወንድ ላትነግር ትችላለች። ይህ ምስክርነት ተመልሶ ናሙናው የት መወሰድ እንዳለበት ለኢንጂነሩ ያመለክታል። "ሌሊት ነው የሚለቀቀው" የሚል ቃል ከተሰማ፣ ቀን ብቻ የተወሰደ ናሙና ጎደሎ መሆኑ ታወቀ ማለት ነው። የሕግ ተማሪው ደግሞ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ምን እንደሚል፣ አቤቱታ ለማን እንደሚቀርብ ያዘጋጃል።

ከዚያ በኋላ የቲያትር፣ የሥነ ጽሑፍና የፎቶ ሰዎች ውጤቱን መልክ ይሰጡታል። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ይቆማል፤ 20 ደቂቃ የሚወስድ ድራማ፣ በትልቅ ጨርቅ ላይ የተሣለ የወንዙ ካርታ፣ በድምፅ የተቀዳ አጭር ማብራሪያ ማንበብ የማይችለውንም ሰው ይደርሳል።

ታዲያ ድራማው ከቁጥሩ ማለፍ አይችልም። ናሙናው ፍሳሹ ከየትኛው በር እንደወጣ ካልለየ፣ ተዋናዩ የአንዱን ፋብሪካ ስም ጠርቶ ሕዝብ ማስቆጣት አይፈቀድለትም። አላህ በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘዘን ሳናውቅ ሰውን በድለን እንዳንጸጸት ነው። በእነዚያ ፋብሪካዎች ሠርተው የሚያድሩ አባቶችና እህቶች አሉን። አንድ ያልተጣራ ቃል በአካባቢያችን ምን ሊያስከትል እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን። ቁጥሩ ሐቁን ካሳየ ደግሞ ፈርቶ ሠንጠረዡን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ ዒልምን መደበቅ ነው።

4. የቡድኑ አደብ

ከዚህ ተነስተን በቀጣዩ ሴሚስተር ለምንመሠርታቸው ቡድኖች የሚከተሉትን እናስቀምጣለን።

አንደኛ፣ ኒያውና ጥያቄው። ጥያቄው አንድ ዲፓርትመንት ብቻውን ሊመልሰው የማይችል ይሁን። አንድ ሰው ብቻውን የሚጨርሰው ከሆነ ሌሎቹ ስም ለማስመዝገብ ብቻ ነው የሚመጡት።

ሁለተኛ፣ ሹራው ከመጀመሪያው ቀን ይጀምር። የቋንቋ ተማሪን በመጨረሻው ሳምንት "ሰዋስው አርምልን"፣ የኮምፒውተር ተማሪን "ስላይድ ሥራልን" ብሎ መጥራት አብሮ መሥራት አይባልም። ጥያቄው ሲቀረጽ ያልነበረ ሰው ሥራውን እንደራሱ አያየውም።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ የራሱን ክፍል ለሌሎቹ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ያስረዳ። ለቡድን ጓደኛው ማስረዳት ያልቻለውን ለገበያተኛው ማስረዳት አይችልም።

አራተኛ፣ ስንለያይ ማን እንደሚወስን አስቀድሞ ይጻፍ። በቁጥር ጉዳይ የለካው፣ በቃል ጉዳይ የቋንቋው ባለቤት፣ ለሕዝብ ምን እንደሚቀርብ ደግሞ ሁሉም ተመካክሮ።

አምስተኛ፣ አማና። ያለ ፈቃድ ፎቶ አይነሣ፣ ድምፅ አይቀዳ። ስሜ አይጠቀስ ያለ ሰው ስሙ አይጠቀስ። የሁሉም የቡድን አባል ስም በእኩል ይጻፍ።

ስድስተኛ፣ በሩ ክፍት ይሁን። ቦርከናን የሚጠጣው ሙስሊም ብቻ አይደለም። በባግዳድ የግሪክን የሕክምና መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ በመመለስ የታወቁት ሑነይን ኢብን ኢስሓቅ ክርስቲያን ነበሩ፤ ለሥራው ብቁ ስለነበሩ ተሠማሩበት። የክፍል ጓደኞቻችንም እውቀታቸውን ይዘው ይምጡ።

ሰባተኛ፣ ውጤቱ ወደ ባለቤቱ ይመለስ። ለመምህራን ከመቅረቡ በፊት ቃላቸውን የሰጡን አባቶችና እናቶች ይስሙት፤ የተሳሳተውን ያርሙልን።

5. ለሐለቃ ውይይት

• በአካባቢያችን ከቦርከና ሌላ አንድ ዲፓርትመንት ብቻውን የማይመልሰው ምን ጥያቄ አለ? የሾንኬን የድንጋይ ቤቶች፣ የአርጎብኛን ቋንቋ፣ በየቤቱ ያሉ የዐጀሚ ጽሑፎችን አስቡ።
• በየራሳችን ትምህርት የለካነውና ያላሳወቅነው ምን አለ? ያሳወቅነውና ያልለካነውስ?
• የደሴና የኮምቦልቻ ጀማዓ በወር አንድ ጊዜ ለዚህ ሥራ ብቻ እንዲገናኝ ምን ያስፈልጋል?

አላህ በሱረቱል ማኢዳ በበጎ ሥራና በተቅዋ እንድንተጋገዝ አዞናል። ሶፉ ውስጥ የገጠመው ትከሻ በሥራም እንዲገጥም አላህ ይርዳን፤ የሚጠቅም ዒልም ይስጠን፣ ባወቅነውም የምንሠራ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።