የባለጠጋው በሬ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ አማኑኤል የምትባል ከተማ አለች። በዙሪያዋ ያለው አገር ደጋ ነው፤ ሰዉም ጤፍና ስንዴ፥ ገብስም እየዘራ ይኖራል። በእንዲህ ያለ የገበሬ አገር አዝመራው ባሸተ ጊዜ ከብት ሁሉ ይጠበቃል። ከብቱ የሰው እህል የበላበት ሰው ጉዳቱ በሽማግሌ ተገምቶ ካሣ ይከፍላል። ድሀው ገበሬ ካሣውን ሲከፍል ያዝናል እንጂ አይቆጣም፤ ዛሬ እርሱን ያስከፈለው ሕግ ነገ የእርሱን ማሳ እንደሚጠብቅለት ያውቃልና።

ነገር ግን የባለጠጋው በሬ በድሀው ገብስ ውስጥ ሲበላ አድሮ ሽማግሌዎቹ እንዳላዩ ቢያልፉ ምን ይሆናል? የተበላው ገብስ ምናልባት አንድ ቁና ነው። ቢሆንም ባለማሳውን እንቅልፍ አይወስደውም፤ ባለፈው ዓመት እርሱ የከፈለውን ካሣ ሌላው ሳይከፍል ቀርቷልና። ስለዚህ አባቶች «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ብለው ተረቱ። በቅሎ ብዙ ገንዘብ ታወጣለች፤ ጭብጦ የአንድ ቀን ስንቅ ናት። ሆኖም በቅሎዋን የወሰደው ዳኛ ነው፤ ጭብጦዋን የወሰደው ጉልበተኛ ነው።

ጎረቤቶቹም ይህን ባዩ ጊዜ «እኛስ ስለ ምን እንጠብቃለን?» ይላሉ። አንዱ ጥጃውን፥ ሁለተኛው በጉን ይለቃል። በመከርም ጊዜ የባለጠጋው ማሳ ሳይቀር ተበልቶ ይገኛል።

በቀድሞ ዘመን አንድ መልካም ልማድ ነበረ። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ቢል ሌላው ይቆም ነበር። መንገደኛውን ዳኛ አድርገው ይሟገቱ ነበር። ነገሩም ቢከብድ ከሳሽና ተከሳሽ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው አብረው ወደ ሹም ይሄዱ ነበር። ኩታው ከተቋጠረ በኋላ ባለጠጋውም ድሀውም እኩል ይራመዳሉ።

ሕግ በመጽሐፍ መጻፉ ብቻ አይበቃም። በ1948 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የሕግ ጥበቃ ለሰው ሁሉ እኩል እንዲሆን አዝዞ ነበር። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ላይ አዲስ ግብር ታወጀ። የጎጃም ገበሬዎች ርስታችን ይወሰድብናል ብለው ፈሩ፤ ስለ ሹማምንቱም በደል አዲስ አበባ ድረስ ሽማግሌ ልከው አቤት አሉ። ሰሚ ባጡ ጊዜ በሞጣ፥ በዳሞት፥ በሌላም ስፍራ ተነሡ። ጦርና አውሮፕላን ተላከባቸው፤ ሰው ሞተ፥ ቤትም ተቃጠለ። በመጨረሻ ውዝፍ ግብሩ ተማረላቸው፤ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴም ከጎጃም ተነሥተው ወደ ከፋ ተዛወሩ። እንቢ ያለው ገበሬ ቤቱ ተቃጠለ፤ ሕዝብ የከሰሰው ሹም ግን አገር ተለወጠለት። ይህን ልዩነት ሕዝብ ፈጥኖ ያያል፤ ቶሎም አይረሳውም።

ዛሬም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። ይህ ቃል የሚጸናው የባለጠጋው በሬ እንደ ድሀው በሬ ሲያዝ ነው።

ልጆች ሆይ፥ ይህ ነገር በትምህርት ቤትም አለ። የክፍል አለቃ የዘገዩትን ልጆች ስም ሲጽፍ የወዳጁን ስም ቢያስቀር ሌሎቹ ይቆጣሉ፤ ቁጣቸውም እውነት አለው። ስለዚህ አለቃ በሆናችሁ ጊዜ አስቀድማችሁ የወዳጃችሁን ስም ጻፉ፤ እናንተም ብትዘገዩ የራሳችሁን ከሁሉ በላይ ጻፉ። አለቃ ያልሆነ ልጅ ደግሞ አድልዎ ባየ ጊዜ እልክ ይዞት ደንቡን አይስበር፤ በመምህሩ ፊት ቆሞ ይናገር። መምህሩም ይስማው፤ ሰሚ ያጣ አቤቱታ ወዴት እንደሚሄድ በጎጃም ታይቷልና።

ጥያቄ

1. ድሀው ገበሬ ካሣ ሲከፍል የማይቆጣው ስለ ምንድር ነው?
2. ከበቅሎዋ ይልቅ ጭብጦዋ የምታስቆጨው ስለ ምንድር ነው?
3. የባለጠጋው ማሳ በመከር ጊዜ የተበላው በማን ጥፋት ነው?