በደረቅና አሸዋማ አፈር ላይ የግቢ ሣር አተካከልና አያያዝ
(ለድሬዳዋና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች የተዘጋጀ)

1. መግቢያ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በዓመት የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የሚወርደውም በበልግና በክረምት ተከፍሎ ነው። በወንዞቹ ዳርና በሜዳው ላይ ያለው አፈር በአብዛኛው አሸዋማ ነው።

የግቢ ሣር አቧራን ይይዛል፤ አፈር በጎርፍ እንዳይታጠብ ይከላከላል፤ የቤቱንም ዙሪያ ያቀዘቅዛል። ነገር ግን ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ከመትከል በፊት የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ቦታ አለኝ?» ሳይሆን «ምን ያህል ውሃ አለኝ?» የሚለው ነው።

2. የውሃው ሒሳብ

በሞቃት ወራት አንድ ካሬ ሜትር የሰርዶ ሣር በቀን 4 ሊትር ገደማ ውሃ ይፈልጋል። በዚህ መሠረት፦

- 25 ካሬ ሜትር ሣር በቀን 100 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 5 ጀሪካን፤
- 100 ካሬ ሜትር ሣር በቀን 400 ሊትር፣ ማለትም 20 ጀሪካን ይፈጃል።

ለመጠጥ፣ ለምግብና ለንጽሕና ከሚያስፈልገው የተረፈው ውሃ ተለክቶ፣ የሣሩ ቦታ በዚያው ልክ ይወሰን። የቀረው ግቢ በጠጠር ቢሸፈን ወይም ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ቢተከልበት ይሻላል።

3. የሣር ምርጫ

ለዚህ አካባቢ የሚመረጠው ሰርዶ ነው። ሥሩ ወደ ጥልቅ ይወርዳል፤ ሙቀትን፣ መረገጥንና መጠነኛ ጨዋማነትን ይችላል። በደጋ ከተሞች የተለመደው የኪኩዩ ሣር ቀዝቀዝ ያለና ዝናብ የማያጣ አገር ስለሚወድ ለቆላ አይመከርም።

ሰርዶ ወደ አትክልት መደብ ከገባ አስቸጋሪ አረም ይሆናል። ስለዚህ በሣሩ ዙሪያ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ጡብ ወይም ድንጋይ ይቀበር።

4. የመሬት ዝግጅት

አሸዋማ አፈር ውሃና ማዳበሪያ አይዝም። ይህን ጠባዩን የሚያሻሽለው በደንብ የተብላላ ፍግ ነው። መሬቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፍግ ከአፈሩ ጋር ይደባለቅ። ለ25 ካሬ ሜትር ቦታ 60 ሊትር በሚይዝ የእጅ ጋሪ 20 ጋሪ ያህል ይበቃል።

ያልተብላላ ፍግና ከየትም የመጣ አፈር የአረም ዘር ይዘው ይገባሉ። በተለይ የቅንጬ አረም ከ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ በዚህ አካባቢ የተስፋፋና ቆዳን የሚያሳክክ በመሆኑ ጥንቃቄ ያሻል። በግቢው ከታየ አበባ ሳያወጣ፣ እጅን በጓንት ሸፍኖ ከነሥሩ ይነቀል።

5. አተካከል

ተከላው ዝናብ ሲጀምር ቢከናወን ይመረጣል። ከጤናማ ሰርዶ 15 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና ከ2 እስከ 4 አንጓ ያላቸው ቁርጥራጮች ይዘጋጁ። በመስመሮች መካከል 20፣ በቁርጥራጮች መካከል 15 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ይተከሉ። ጫፋቸው ከአፈር በላይ ይቅር፤ ዙሪያቸው በእግር ጠበቅ ይደረግ። ቁርጥራጮቹ በፀሐይ እንዳይደርቁ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍነው ይቆዩ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አፈሩ ሳይደርቅ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ውሃ ይጠጣ።

6. ውሃ አጠጣጥ

ሣሩ ሥር ከሰደደ በኋላ በየቀኑ ጥቂት ማጠጣት ይቁም። ላይ ላዩን ብቻ የረጠበ አፈር ሥሩን ከላይ ያስቀረዋል፤ እንዲህ ያለ ሣር አንድ ሳምንት ውሃ ቢያጣ ይደርቃል። በየ3 ቀኑ ለአንድ ካሬ ሜትር 12 ሊትር በማጠጣት ሥሩ ውሃውን ተከትሎ እንዲወርድ ማድረግ ይገባል። ከዚህ በላይ በአንድ ጊዜ ማጠጣት ጥቅም የለውም፤ ትርፉ ከሥሩ አልፎ ይሰርጋል። ጥሩው ሰዓት ማለዳ ነው።

የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ከንጹሕ ውሃ ጋር እየተፈራረቀ ሊጠጣ ይችላል። በረኪና የገባበት ግን አይፈስስ።

7. አጨዳና ማዳበሪያ

ሣሩ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይጠበቅ፤ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶው በላይ አይታጨድ። መሬት ድረስ የተላጨ ሣር አፈሩን ለፀሐይ ያጋልጣል። የታጨደው ለበግና ለፍየል መልካም መኖ ነው።

በዝናብ ወራት በወር አንድ ጊዜ ለአንድ ካሬ ሜትር 5 ግራም ዩሪያ ተበትኖ ወዲያው ውሃ ይጠጣ። አሸዋ ማዳበሪያን ስለማይዝ ብዙ ማድረግ ገንዘብ ማባከን ነው። በደረቅ ጊዜ ዩሪያ አይጨመር።

8. ውሃ ሲቋረጥ

ሰርዶ ውሃ ሲያጣ ገለባ ይመስላል፤ ይህ ማለት ግን ሞቷል ማለት አይደለም። ከአፈር ውስጥ ያለው ግንድ ተቆርጦ ሲታይ ውስጡ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ሕይወት አለው። እንዲህ ያለው ሣር አይነቀል፣ አይታጨድ፣ አይረገጥ። ዝናብ ሲመጣ እንደገና ያቆጠቁጣል። ስለዚህ በውሃ እጥረት ጊዜ ያለው ውሃ ለቤተሰቡና ለዛፎቹ ይዋል፤ ሰርዶው መታገሥ ይችላል።