የታመመ ሕፃን ቤተሰብም ረዳት ያሻዋል

ማኅበራዊ አገልግሎት ማለት ለተቸገረ ሰው ገንዘብ መስጠት ብቻ አይደለም፤ ችግሩን ጠይቆና ተረድቶ መውጫውን እንዲያገኝ ማገዝ ነው። ይህ ሥራ በሕፃናት ድንገተኛ ሕክምና ክፍል ምን እንደሚጠቅም ባየሁት ነገር ላስረዳ።

የምንኖረው መርካቶ፣ በርበሬ ተራ አጠገብ ነው። ባለፈው ክረምት በጎረቤታችን የሁለት ዓመት ልጅ ላይ የፈላ ውሃ ተደፍቶ እግሩን አቃጠለው። ልጁን አቅፌ ከእናቱ ጋር ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ ከሸፈነ በኋላ ልጁ መተኛት እንዳለበት ተናገረ። እናቲቱ ግን «ልጄን ይዤ ልሂድ» እያለች አለቀሰች። እዚያ የነበሩት ሰዎችም «ምን ዓይነት እናት ናት?» ብለው አሟት።

በዚህ ጊዜ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛዋ መጥታ አጠገብዋ ተቀመጠችና «እኅቴ፣ ቤት ማን ቀረ?» ስትል ጠየቀቻት።

«ሁለት ልጆች አሉኝ። ሽንኩርቴን ካልሸጥኩ የሚበሉት የለም፤ ነገም የዕቁብ ቀን ነው» አለቻት።

ሠራተኛዋ አልገሠጸቻትም። ሐኪሙ የተናገረውን በቀላል ቃል ደግማ፣ ልጁ ያለጊዜው ቢወጣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ እንደሚችል አስረዳቻት። ከዚያም ወደ እኔ ዞራ «እናንተ ጎረቤቶች ምን ትችላላችሁ?» አለችኝ። ወዲያው ለእናቴ ደወልኩ። ልጆቹ እኛ ቤት አደሩ፤ ሽንኩርቱን ጎኗ የምትነግድ ሴት ሸጠችላት፤ የዕቁቡም ዳኛ ቀን ሰጧት። ሕፃኑ ዘጠኝ ቀን ተኝቶ፣ ቁስሉ ደርቆለት ወጣ።

ከዚህ የተማርኩት ሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም አንደኛ ከመፍረድ በፊት መጠየቅ፣ ሁለተኛ የሐኪምን ቃል በሚገባ ማስረዳት፣ ሦስተኛ ቤተሰቡን ከሚረዳው ሰው ጋር ማገናኘት ነው።

ሥራው የቆየ ታሪክ አለው። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ዶክተር ሪቻርድ ካቦት የበሽተኛው ኑሮ ካልታወቀ መድኃኒት ብቻውን እንደማይበቃ ተረድተው፣ እ.ኤ.አ. በ1905 በማሳቹሴትስ ጀኔራል ሆስፒታል ይህን አገልግሎት አስጀመሩ። በአዲስ አበባም የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፍቶ ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ ተቋርጦ የቆየው ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና ተጀመረ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ዕድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል ይፈጥናል፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ሕፃን ታሞ ሆስፒታል በገባ ጊዜ ቤት የቀሩትን ልጆች ለማብላት እንዲሁ ብንፈጥን፣ ድንኳኑ ሳያስፈልግ የሚቀርበት ቀን ይኖራል።