አሮጌ ኮምባይነር ወይስ አዲስ? የስንዴ ማጨጃ መኪና አመራረጥ
ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

በአርሲ፣ በጭላሎ አካባቢ፣ ኮምባይነር መስፋፋት የጀመረው በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ነው። ዛሬም በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች ብዙ ዘመን ያገለገሉ መኪናዎች ከአዲሶቹ ጎን ለጎን ያጭዳሉ። አንድ ማኅበር መኪና ሲገዛ ወይም ሲከራይ የትኛውን መምረጥ እንዳለበት ከዚህ በታች እናስረዳለን።

አሮጌው መኪና የሚሠራው በቺንጋ፣ በካቴናና በጥርስ ነው። ብልሽቱ በዓይን ይታያል፣ በጆሮም ይሰማል። የተበጠሰ ቺንጋ ወይም የተበላ ኩሽኔታ የአካባቢው መካኒክ እማሳው ላይ ሊለውጠው ይችላል። ጉድለቱ ግን ያረጁ ክፍሎቹ ቶሎ ቶሎ መሰበራቸው ነው። ከበሮውና ወንፊቱ በሚገባ ካልተስተካከሉም ፍሬ ይጥላል።

አዲሱ መኪና በአንድ ቀን ሰፊ ማሳ ያጭዳል፤ የሚባክነውን ፍሬ የሚያመለክት መሣሪያ ያለውም አለ። ሆኖም የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያው ሲታወክ በመፍቻ ብቻ አይጠገንም፤ የመመርመሪያ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል። ባለሙያው ከሩቅ ከተማ እስኪመጣ ድረስ የደረሰው ስንዴ ሊረግፍ ወይም ዝናብ ሊመታው ይችላል።

ስለዚህ የመኪናውን ዕድሜ ብቻ አትመልከቱ። ከመዋዋላችሁ በፊት የሚከተሉትን ጠይቁ፦

1. መለዋወጫው በቅርብ ይገኛል ወይ?
2. ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው? ከየትስ ይመጣል?
3. ባለፈው የአጨዳ ወቅት ስንት ቀን ቆሟል?

ከዚህም ሌላ ብክነቱን ለኩ። መኪናው ካለፈ በኋላ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ቦታ ከልላችሁ፣ ገለባውን አንሥታችሁ፣ የወደቀውን ፍሬ ቁጠሩ። በመኪናው የአጨዳ ስፋት ልክ በተለያየ ቦታ እየደጋገማችሁ አማካዩን ውሰዱ። ካልታጨደው ማሳ ሥር አስቀድሞ የረገፈውንም ቆጥራችሁ ቀንሱ። የ1,000 ፍሬ ክብደት 40 ግራም ከሆነ፣ 250 ፍሬ 10 ግራም ይመዝናል፤ ይኸውም በሔክታር 1 ኩንታል ጠፋ ማለት ነው። ብክነቱ ከበዛ ሾፌሩ ፍጥነቱን እንዲቀንስ፣ ከበሮውንና ወንፊቱንም እንዲያስተካክል አድርጉ።

አሮጌም ሆነ አዲስ፣ መኪናው በየጠዋቱ ግራሶ ሊገባለት፣ የቺንጋው ውጥረት ሊታይ፣ እሳት እንዳያስነሣም በሞተሩ ላይ የተከመረው እብቅ ሊጠረግ ይገባል። የልማት ሠራተኞች አጨዳው ከመድረሱ አንድ ወር አስቀድመው ከማኅበሩ ኮሚቴ ጋር መኪናውን እንዲመረምሩ እናሳስባለን።