የእሁዱ ፉል ምን ነካው?

ጥያቄ፦ አብደራፊ ውስጥ የምንወደው ቁርስ ቤት አለ። እሁድ ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ከነቤተሰቤ ስሄድ የፉሉ ባቄላ ቆዳው ጥርስ ላይ ይቀራል፤ መረቁ ውሃ ውሃ ይላል፤ ዘይቱም ጉሮሮ ይከረክራል። ምን ሆነው ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ባቄላውን ነው። ባቄላ የደጋ እህል ነው፤ ቆላ ወርዶ በሙቀት መጋዘን ውስጥ ወራት ከከረመ ይደነድናል። ሌሊቱን ቢዘፈዘፍ፣ ሲንተከተክ ቢያድር እንኳ እንደ አዲሱ አይፈርስም። ሳይበስል ቲማቲም ወይም ሎሚ ከገባበትማ ይብስበታል።

ውሃ ውሃ ማለቱ የሰዓቱ ጣጣ ሳይሆን አይቀርም። የእሁድ ደንበኛ ሲበዛ የንጋቱ ድስት ይጎድላል፣ ፍል ውሃ ይከለስበታል። እዚህ ላይ ወጥ ቤቷን ብዙ አልወቅስም፤ ፉል እንደገና ቢጣድ ለምሳም አይደርስ።

ዘይቱን ግን አልምርም። ሰሊጥ አገር ተቀምጦ የተበላሸ ዘይት ማቅረብ ነውር ነው! የሰሊጥ ዘይት ከብዙዎቹ ዘይቶች የተሻለ ይቆያል፤ ሆኖም ክዳኑ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ከዋለ ጠረኑ ይለወጣል። ሳያስጨምሩ በፊት ጠርሙሱን ያሽትቱት። ለባለቤቱም በግልጽ ይንገሩት፤ በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይድረሱ።