የቍጥር ሥርዓት በንብ ትውልድ

ድንጉላ ንብ አባት የለውም፤ የወንድ ዘር ካልነካው ከእናቱ እንቍላል ይፈለፈላልና። ሴቲቱ ንብ ግን እናትም አባትም አላት። እንግዲህ የአንዱን ድንጉላ ትውልድ ወደ ኋላ ብንቈጥር፥ ዝምድናው ካልተደራረበ፥ ወላጁ 1፥ አያቶቹ 2፥ ቅድመ አያቶቹ 3፥ ከዚያም በላይ 5 እና 8 ይሆናሉ። ከ2 ጀምሮ እያንዳንዱ ቍጥር የቀደሙት የሁለቱ ድምር ነው፤ ሁሉም እናት ሲኖረው፥ አባት ያላቸው ሴቶቹ ብቻ ናቸውና። ይህንኑ ተራ የፒዛው ሊዮናርዶ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1202 ዓ.ም. ስለ ጥንቸሎች መራባት በጻፈው ጥያቄ ገልጦታል።

መምህራን ሆይ፥ ደንቡን አስቀድማችሁ አትንገሩ፤ ልጆቹ ትውልዱን በመሬት ላይ ሥለው ይቍጠሩት። በቃል የተያዘ ይረሳል፤ ቈጥረው ያገኙት ግን ይኖራል። ፍጥረት ሁሉ በዚህ ቍጥር ተሠርቷል የሚል ቢነሣም፥ «ቈጥረህ አሳየን» ማለትን ይማራሉ።